በስሜ የምትዞር ነጥብ

ስም አልጠራም። የማልጠራው ፈርቼ አይደለም፤ ስማቸው ሲነሳ ደስ ስለሚላቸው ነው። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ያገሬ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። የሚያውቁ ያውቃሉ፣ የማያውቁም ብዙ አልቀረባቸውም።

ከከተማዋ ዳር፣ ግሮቭፖርት ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ዕቃ ከመደርደሪያ ማንሳት ነበር። በእጄ የያዝኩት ስካነር የት እንደምሄድና ምን እንደማነሳ ይነግረኛል። እሄዳለሁ፣ ባርኮዱን አስነብባለሁ፣ ዕቃውን ጋሪዬ ላይ አስቀምጣለሁ። ከሰው ጋር መነጋገር አይጠይቅም። ሥራውን የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ወረርሽኙ የመጣ ዓመት ሌላው ሰው ቤቱ ሲቀመጥ እኛን «አስፈላጊ ሠራተኞች» አሉን፤ በሩ ላይም ይህንኑ የሚል ጨርቅ ሰቀሉልን። ነፋስ እስኪቀደው ድረስ ከሥሩ እያለፍን ገባን። የዚያን ዓመት መጨረሻ ገደማ የመጋዘኑን ዋይፋይ ቀየሩት።

የድሮው ዋይፋይ መደርደሪያዎቹ መሐል ሲገቡ ይጠፋ ነበር። ስካነሩ ሐሳብ እንደያዘው ሰው ይፈዛል። የያዘው ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እስከ መተላለፊያው ጫፍ ይሄዳል፣ እዚያ መስመር ያገኛል፣ ይመለሳል። በዚያች መሐል ወገባችንን እናሳርፍ ነበር። አዲሱን ሊገጥሙ የመጡት ሰዎች በማንሻ ማሽን እስከ ጣሪያው ድረስ ወጥተው ነጫጭ ሳህን የሚመስሉ ነገሮች ደረደሩ። እያንዳንዷ ሳህን ላይ ትንሽ ሰማያዊ መብራት አለች። ከመደርደሪያዎቹ በላይ፣ ጭነት ማራገፊያው በር ላይ፣ ብሬክ ሩም በሚሉት ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ወደ ሽንት ቤት መታጠፊያው ላይ፣ ሁሉም ቦታ ገጠሙ። ከዚያ በኋላ ስካነር የሚቆምበት ቦታ ጠፋ። ሰውም የሚቆምበት ቦታ ጠፋ።

ሳህኖቹን መጋዘኑ ውስጥ ያለ ማንም ሰው ማዘዝ አይችልም። ማብራቱም፣ ማጥፋቱም፣ ማስተካከሉም ከአንድ ቦታ ነው፣ ፖላሪስ ካለው ዋና ቢሮ። እዚያ ያለ ሰው የእኛንም የሌሎች ከተሞች መጋዘኖችንም ሳህኖች በአንድ ስክሪን ያያል። አንዷ መብራቷ ሲጠፋ ማናጀራችን እንደ እኔው አንጋጣ ታያታለች፣ ከዚያ ፖላሪስ ትደውላለች። ከእኔ የምትለየው በመደወሏ ነው።

ሳህኖቹ ሌላም ሥራ ነበራቸው። የትኛው ስካነር በየትኛዋ ሳህን ሥር እንዳለ ያውቃሉ። ማናጀሯ ኮምፒውተር ላይ የመጋዘኑ ካርታ አለ፤ እያንዳንዱ ስካነር ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ ነው። ነጥቧ የስካነሩ ቁጥር እንጂ የሰው ስም የላትም። የማን እንደሆነች የሚታወቀው ጠዋት ያ ስካነር በማን ስም ተፈርሞ እንደወጣ ታይቶ ነው። ይህን ያን ጊዜ እኔ አላውቅም ነበር።

ፖላሪስ ያለ ሰው አልኩ እንጂ በዚያ ጊዜ ፖላሪስ ማንም አልነበረም። ቢሮው ተዘግቶ ሁሉም ከቤቱ ይሠራ ነበር። የእኛን ሳህኖች የምትቆጣጠረው ልጅ ብሌንደን ታውንሺፕ፣ እናቷ ቤት፣ ከምድር በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ ነበረች። ይህን የማውቀው ልጅቷ የክርስትና ልጄ ስለሆነች ነው። እናቷ አበልጄ ናት። እናትየዋ የልጇን ሥራ ለሰው ሳትናገር ውላ አታድርም። «የግሮቭፖርት መጋዘን በሙሉ በልጄ እጅ ነው። ፒጃማዋን ሳታወልቅ ታበራዋለች፣ ታጠፋዋለች» ትላለች። ለእኔ በቀጥታ አልነገረችኝም፤ መነጋገር ካቆምን ቆይተናል።

ያቆምነው በልጅቷ ምረቃ ነው። በድግሱ ላይ አበልጄ ለሥራ ባልደረቦቿ ስታስተዋውቀኝ «ድሮ ጎረቤታችን የነበረች» አለች። ልጅቷን ታቅፌ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። እናቷ የማታ ሺፍት በምትሠራበት ዘመን እኔ አልጋ ላይ ነው ያደገችው። ጎረቤት መሆናችን እውነት ነው፤ ድሮ መሆኑም እውነት ነው። ምግቤን ሳልጨርስ ወጣሁ። መኪናዬን የዘጋብኝ ሰው ስለነበረ እስኪነሳልኝ ድረስ ውጭ ቆሜ ሙዚቃቸውን አዳመጥኩ።

አሁን ወደ ሱፐርቫይዘራችን ልምጣ። ያገሬ ሰው ነው፣ በዲቪ የመጣ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት። ሥራ ሲጀምር ጋሪ እንዴት እንደሚጫን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ የሱፐርቫይዘር ቬስት ለበሰ። እትዬ ሳይለኝ አያልፍም። በር ይይዝልኛል፣ ለገና ካርድ ይሰጠኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል። ስለ ጤናዬ የሚጠይቀኝን ሰው አልወድም፤ ለማን እንደሚነግር አይታወቅም።

ጠዋት ስካነር የሚታደለው በሽቦ የታጠረች ክፍል በር ላይ ነው። ሁሉም ተሰልፎ፣ ፈርሞ ይወስዳል። አዲሱ ዋይፋይ በተገጠመ ሰሞን ሱፐርቫይዘሩ ከሰልፉ አወጣኝ።

«እትዬ፣ እርስዎማ ከእነዚህ ልጆች ጋር አይሰለፉም። እኔ እያለሁ?»

«ሰልፍ አልከበደኝም።»

«እኔን ይከብደኛል። እናቴን አሰልፌ የማያት ይመስለኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስካነሬን እሱ በእኔ ስም ፈርሞ ያመጣልኝ ጀመር። አሜሪካኖቹ ነገሩ አልገባቸውም። ያገሬ ልጆች ግን «አይ ጨዋ» ይሉታል። አክብሮት እምቢ አይባልም፣ ሰው ትዕቢተኛ ይላል። ተቀበልኩ።

ስካነሮቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አዲሶቹ እንደ ስልክ ትንንሽና ቀላል ናቸው፤ ለእኛ ለአንሺዎቹ የተገዙ ናቸው። አሮጌዎቹ እንደ ሽጉጥ ያሉ፣ ከባድ፣ ቃታቸው በኃይል ካልተሳበ የማይሠሩ ናቸው፤ ሱፐርቫይዘሮች በእነሱ እንዲቀጥሉ ታዟል። እሱ የሚያመጣልኝ አሮጌውን ነው። አውራ ጣቴ ማበጥ ሲጀምር ጠየቅኩት።

«ለሁሉም ቀላሉ ነው የተሰጠው። የእኔ ለምን ይኼ ሆነ?»

«ያኛው ፊደሉ ደቃቃ ነው እትዬ፣ ለዓይንዎ አይሆንም። ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው ይኼን የምፈልግልዎ።»

ዓይኔን በተመለከተ ማን እንደነገረው አልጠየቅኩትም። አበልጄ መሆኗን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም።

ዓይኔ ውስጥ ግፊት አለ። ጠብታ እጨምርበታለሁ፤ ሐኪሙም ወደፊት ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልገው አይቀርም ብሎኛል። ሐኪሙንም ጠብታውንም የሚከፍለው የመጋዘኑ ኢንሹራንስ ነበር። ስልሳ አምስት ሲሞላኝ የመንግሥቱ ይጀምርልኛል። እስከዚያ ድረስ ሥራው ካለ ዓይኔ አለ፤ ሥራው ከሄደ ዓይኔም ተከትሎት ይሄዳል። ስለ ራሴ የምናገረው ይኸው ነው፤ ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ነው።

በረዶው ሳይለቅ፣ አንድ ጠዋት፣ ሱፐርቫይዘሩ ጫማውን እያየ መጣ።

«እትዬ፣ ማናጀሯ ልታነጋግርዎ ትፈልጋለች። እኔ አስተረጉማለሁ፣ አይጨነቁ።»

«ምን ሆንኩ?»

«ሲስተሙ እርስዎን ብሬክ ሩም ያሳያል አሉ። ሥራ ሰዓት ላይ። ብዙ ጊዜ።»

«ብሬክ ሩም ገብቼ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ እትዬ። ሲስተሙ ነው እንጂ እኔ አላልኩም።»

ምሳዬን መኪናዬ ውስጥ ነው የምበላው። በበሽታው ምክንያት ይመስላቸዋል፤ ከበሽታውም በፊት እዚያው ነበር የምበላው።

ማናጀሯን ያስጨነቃት የነጥቧ ብሬክ ሩም መቀመጥ ብቻ አልነበረም። ብሬክ ሩም ተቀምጣለች በተባልኩባቸው ሰዓታት፣ ስካነሬ ላይ በማስገባው የሠራተኛ ቁጥሬ ዕቃ ይነሳል። ሥራው አልጎደለም። ስለዚህ ቁጥሬን ለሌሎች ሰጥቼ፣ እኔ ተቀምጬ፣ ያገሬ ልጆች እየሠሩልኝ ነው ብላ ደመደመች። እኛ ታላቅ እንደምናከብር ሰምታለች። ከማን እንደሰማች አላውቅም፤ ጠዋት ስካነር ሲቀርብልኝ ግን በዓይኗ አይታለች። የራስን ቁጥር ለሌላ ሰው መስጠት ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ያስባርራል። ጉዳዩን የሚያየው የሠራተኛ አስተዳደር፣ የኤችአር፣ ሰው ኮቪድ ይዞት ስለነበረ ስብሰባው ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ።

በዚያ ሳምንት ወሬው መጋዘኑን ዞረ። ካሳደዱኝ ይልቅ የጎዱኝ ያገዙኝ ናቸው። አንዲት ደግ ሴት አለች፣ ማሸጊያው ጋ የምትሠራ። ሰዎች ሲያሙኝ ሰምታ «ቢረዷትስ ምን አለበት? እናት አይደለችም እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ለእኔ ብላ ነው። እስከዚያ ድረስ ወሬ የነበረው ከዚያ በኋላ እውነት ሆነ። ሌላው ደግሞ፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ የማንሰጣጥ ሰውዬ፣ «እኔም አንዳንዴ አነሳላቸዋለሁ፣ ምርቃት ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። አንድም ዕቃ አንስቶልኝ አያውቅም። ምርቃቱን ከየት እንዳገኘው አላውቅም።

አበልጄ ወዲያው ደወለች። ከምረቃው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አንቺ ሴት፣ ሰማሁ እኮ።»

«ላትሰሚ ኖሯል?»

«ዕድሜ ጸጋ ነው፣ ምን ያሳፍራል? አረፍ በይ። እነዚያስ ልጆች እስከ መቼ ይሸከሙሻል?»

«ማንም አልተሸከመኝም።»

«እሺ፣ እንዳልሽ። ልጄን ልጠይቅልሽ? እሷ እኮ ሁሉን ከላይ ታያለች። አይፈቀድላትም እንጂ፣ እኔ ካልኳት…»

«አይፈቀድላትም ካልሽ አትጠይቂያት።»

«ኩራትሽ ገና አለ ማለት ነው።»

«ባስቀመጥኩት ቦታ አለ» ብዬ ዘጋሁ።

ልጅቷን ራሴ መጠየቅ እችል ነበር። ስልኳ አለኝ፤ ለፋሲካ በእንግሊዝኛ መልካም ምኞት ከእንቁላል ሥዕል ጋር ትልክልኛለች። ግን ብጠይቃት እናቷ እስከ ቀብሬ ድረስ «ልጄ ናት ያወጣቻት» ትላለች፤ ቀብሬም ላይ ሳትለው አትቀርም። ከዚያስ መባረር ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ማታ ጠብታዬን ስጨምር አይሻልም አልኩ። ጠዋት እንደገና ይሻላል አልኩ። ሳምንቱ በዚህ አለቀ፣ አልደወልኩም።

ስብሰባው ማናጀሯ ቢሮ ነበር። ማናጀሯ አሜሪካዊት ናት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር፤ ሰው ስታባርርም «ይቅርታ» ትላለች ይባላል። በእኔና በእሷ መሐል ግልጽ ፕላስቲክ ቆሟል። የኤችአሩ ሰው ገና ስላልዳነ እሷ ብቻዋን ናት። ሱፐርቫይዘሩ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ስካነሩ ወገቡ ላይ። የእኔም ወገቤ ላይ ነው፣ ያ ከባዱ። ማናጀሯ ዋይፋዩን የሚያስተዳድሩትን ደውላ ስፒከር ላይ አደረገቻቸው፤ ካርታውን አብረው እንዲያዩላት ነው። የአንዲት ወጣት ድምፅ በእንግሊዝኛ ሰላም አለን። በመጀመሪያው ቃል አወቅኋት። እሷ አላወቀችኝም፤ የተሰጣት የስካነር ቁጥር ብቻ ነው።

እንግሊዝኛ አልችልም ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እችላለሁም አላልኩም። ሰው ሳይጠይቀኝ የገመተውን አላርምም።

ማናጀሯ ቁጥሬን ለሰው ሰጥቼ እንደሆነ እንዲጠይቀኝ ነገረችው። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ዝም ብለው አጥፍቻለሁ ይበሉ። በማስጠንቀቂያ ያልፋል፣ እኔ እለምንልዎታለሁ።»

«ለማንም አልሰጠሁም በላት።»

«በጣም አዝናለች» አላት በእንግሊዝኛ።

ማናጀሯ በርኅራኄ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ነቀነቅኩላት፤ ጨዋታው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ፈልጌ ነበር። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረች። አንዲት ነጥብ በዚያችው ቢሮ ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች።

«ይኸው፣ አሁን እዚህ ናት» አለች። «ሲስተሙ በትክክል ነው የሚሠራው።»

«በትክክል ነው» አለች ልጅቷም በስልክ።

በዚህ መሐል ሱፐርቫይዘሩን በሬዲዮ ጠሩት፤ ጭነት ማራገፊያው በር ላይ አንድ ሹፌር ወረቀት ይዞ ይጨቃጨቃል። ማናጀሯ ቶሎ ብለህ ተመለስ አለችው፣ ወጣ። አስተርጓሚ ስለሌለ እኔና ማናጀሯ ተያይተን ፈገግ አልን። ከማስክ ሥር ፈገግታ በዓይን ስለሆነ ብዙ ያደክማል።

ልጅቷ ከስልኩ ውስጥ ተናገረች። «ከቢሮው ወጣች?»

«ማን?» አለች ማናጀሯ።

«ሠራተኛዋ። ስካነሩ እየሄደ ነው።»

ማናጀሯ እኔን አየች። ከዚያ ስክሪኑን አየች። ነጥቧ ከሳጥኑ ወጥታ በመተላለፊያው እየወረደች ነው።

«እዚሁ ተቀምጣለች» አለች።

«አሁን ማራገፊያው በር ጋ ደርሷል» አለች ልጅቷ። «አሁን ተመለሰ። አሁን ደግሞ… ቆመ። ወንዶች ሽንት ቤት ነው።»

ሁለታችንም ነጥቧን ተመለከትን። ነጥቧ አትቸኩልም።

«እኔ እዚህ ነኝ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ሽንት ቤቱ ውስጥ ያለው ሌላ ሰው ነው። የእኔ ስካነር ይኸውና።» ከባዱን ከወገቤ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛው ድምፅ ሰጠ።

ማናጀሯ ያየችው ስካነሩን አልነበረም፣ አፌን ነው። ከስልኩም ውስጥ «እማማ?» የሚል በአማርኛ መጣ።

«ሥራሽን ሥሪ» አልኳት በአማርኛ።

ሱፐርቫይዘሩ በሩን ከፍቶ ገባ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ ተቀመጠ።

«ተመልሷል» አለች ልጅቷ።

ማናጀሯ ወገቡ ላይ ያለውን ስካነር እንዲያሳያት ጠየቀችው። አዲሱ፣ ቀላሉ ነው። ቁጥሩን አነበበች። በእኔ ስም ተፈርሞ የወጣው እሱ ነው። ለሱፐርቫይዘር የተሰጠው አሮጌው ደግሞ እኔ ፊት ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ሥራዬን ስጀምር የራሴን ቁጥር ስለማስገባ ዕቃው በእኔ ስም ይነሳል። ነጥቧ ግን የስካነሩ ናት፣ ስካነሩም ያለው እሱ ወገብ ላይ ነው። እኔ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስዞር፣ በስሜ ብሬክ ሩም ተቀምጦ ዩቲዩብ ላይ ክርክር የሚያዳምጠው እሱ ነበር።

ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ…»

ማናጀሯ ምን እያለ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት።

ስከሰስ የነጥቧን ነገር አልጠረጠረም፣ ነገሩ የገባው ስክሪኑ ፊት ሲቀመጥ ነው የሚሉ አሉ። ስክሪኑ ፊት ነው እንበል። ወገቡ ላይ ያለውን ይዞ ተነስቶ ሲወጣ ግን ምን ያስብ እንደነበር አልነገሩኝም።

ማናጀሯ ይቅርታ ጠየቀች። ክሱ ተሰረዘ። እሱን ለጊዜው ከሥራ አገደችውና መደበኛ አቤቱታ ማቅረብ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ካቀረብኩ ይባረራል፣ ካላቀረብኩ በማስጠንቀቂያ ይመለሳል። አስብበታለሁ አልኳት።

ጉዳዩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ማሸጊያው ጋ ሳልፍ ደጓ ሴት እጄን ያዘችኝ። «እንኳን ደስ አለዎት እትዬ። የክርስትና ልጅዎ ከላይ ሆና አስተካከለችልዎ አሉ። ልጅ ይባረክ።» ክንዴን መታ መታ አደረገችው።

ያገሬ ሰው ክሱን ያመነው በአማርኛ ነው፤ የማናጀሯ ይቅርታ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነበር፣ በር ተዘግቶ። ስለዚህ መቀመጤም፣ የልጆቹ ሸክም መሆኔም እንዳለ ቀረ፤ የተጨመረው የሚያወጣኝ ሰው ማግኘቴ ነው። ከየት እንደወጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ልጅቷ ስለ ሥራዋ ለእናቷ ያለችው «እማማን ዛሬ በስልክ አገኘኋት» ብቻ ነው። እናትየዋ የቀረውን ራሷ ሞላችው፤ «ልጄ ነጥቧን አነሳችላት» ብላ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ተናገረች።

በሁዳዴ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሽማግሌዎች አፓርታማዬ መጡ። ሱፐርቫይዘሩ የላካቸው ናቸው። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን የሚከበሩ ጋሼ ናቸው፣ ሌላኛው ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። ሦስተኛዋ አበልጄ ናት። አበልጅ ፊቷ አይመለስም ብሎ ነው የላካት።

ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳያልቅ አይቀመጥም። በዚያ ዓመት ደግሞ ሰው ቤት ገብቶ ተጠጋግቶ መቀመጥ አይመከርም ነበር። ባህሉና በሽታው በአንድ ቃል ስለተስማሙ ሦስቱም ማስካቸውን አድርገው በር ላይ ቆሙ። ጋሼ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ወንበር አላወጣሁም።

«እኅቴ፣ የመጣነው ለእርቅ ነው» አሉ ጋሼ። «ልጅ አጠፋ። ልጆች አሉት። ጾሙም ሊፈታ ነው። እግዜርን ብለሽ አቤቱታውን ተይው።»

«አቤቱታ ያቀረብኩ መስሎዎት ነው?»

«እንዳታቀርቢ ነዋ።»

«እሱ እኮ ወዶሽ ነው» አሉ ባለ ታክሲው። «አክብሮሽ እንዳትሰለፊ ብሎ…»

«የእኔን ወስዶ የእሱን ሰጠኝ። ይህ አክብሮት ከሆነ ለሚስትዎም ያድርግላቸው።»

ባለ ታክሲው ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። አበልጄ ጣልቃ ገባች።

«በቃ እሺ፣ ነገሩ አልፏል። ልጄም ብትሆን አንቺን ለማውጣት ያላደረገችው…»

«ምን አደረገች?»

«ያው… ነጥቧን ነዋ። አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ልጅሽ ያየችውን ተናገረች። ሌላ ምንም አላደረገችም። አንቺ ግን ካርታውን ነካካችው ብለሽ ለከተማው ነግረሻል። ይህ ወሬ ፖላሪስ የደረሰ ቀን ከሥራ ያስወጧታል። ያን ጊዜ ፒጃማዋን የምታወልቅበት ምክንያት ጨርሶ አይኖራትም።»

አበልጄ ከማስኩ በላይ ያለው ፊቷ ተለወጠ። ይህን አላሰበችውም ነበር። ልጇን በማሞገስ ልትጎዳት እንደምትችል በዕድሜዋ ታይቷት አያውቅም።

«ምን ይሻላል?» አለችኝ፣ አስተያየቴን ጠይቃኝ እንደማታውቅ እያወቅን።

«የሚሻለውን ልንገራችሁ። አቤቱታ አላቀርብም። እሱ ግን ሥራ ሲመለስ፣ በጠዋቱ ስብሰባ፣ ሁሉም ባለበት ይናገር። በአማርኛ። ስካነሬን ለራሱ እንደወሰደ፣ ማንም እንዳልሠራልኝ፣ ከላይም ማንም እንዳልነካካ ይናገር። የተቀመጠውም ሽንት ቤት የገባውም እሱ እንደሆነ ይናገር።»

«ሽንት ቤቱ እንኳ ይቅር» አሉ ጋሼ።

«ሽንት ቤቱ አይቀርም።»

ጋሼ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደገፍ አደረጉ። ሦስቱ ተያዩ። ከዚያ ጋሼ «እንግዲህ ተስማምተናል፣ ይቅር ብላለች» ብለው መረቁ። ይቅር ብያለሁ አላልኩም። ምርቃት ግን አይቋረጥም።

ከፋሲካ በኋላ ተመለሰ። የጠዋቱ ስብሰባ የሚደረገው ጋሪዎቹ የሚቆሙበት ሰፊ ቦታ ላይ ነው፤ ሁሉም ተራርቆ ይቆማል፣ ማናጀሯ ስለ ጥንቃቄ ትናገራለች፣ ወገብ እናፍታታለን። በዚያን ቀን ሱፐርቫይዘሩ ለቡድኑ ጥቂት ቃል በቋንቋችን ልናገር ብሎ ፈቃድ ጠየቃት። ደስ አላት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ትወዳለች።

መሐል ገባ። ማስኩን አስተካከለ።

«እትዬ ቁጥራቸውን ለማንም አልሰጡም» አለ። «ማንም አልሠራላቸውም። ሥራቸውን ራሳቸው ነው የሠሩት። በስማቸው የወጣውን ስካነር የያዝኩት እኔ ነኝ። ፖላሪስ ያለችው ልጅም ምንም አልነካካችም።» ቆመ። ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ተመለከትኩት። «ብሬክ ሩም የተቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ሽንት ቤት የነበርኩትም እኔ ነኝ።»

ማናጀሯ አጨበጨበች። አሜሪካኖቹም ተከትለው አጨበጨቡ፤ አንዱ በጣቶቹ አፏጨ። ያገሬ ሰዎች አላጨበጨቡም። «አንዳንዴ እኔም አነሳላቸዋለሁ» ያለው ሰውዬ የጋሪውን ጎማ ጎንበስ ብሎ ማየት ጀምሮ ነበር። ደጓ ሴት አለቀሰች፤ እሷ በሁሉም ነገር ታለቅሳለች።

ዓይኔን በሚቀጥለው ዓመት ቀዶ ሕክምና አደረጉልኝ፤ የመጋዘኑ ኢንሹራንስ ከፈለ። ስልሳ አምስት ሲሞላኝ ለቀቅኩ። አበልጄ አሁን ሰው ሲጠይቃት ልጇ «ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው» ትላለች፣ ከዚያ አትጨምርም። ልጅቷ እንደ ድሮው እንቁላሉን ትልክልኛለች።

የዚያን ጠዋት ግን ስብሰባው ሲበተን ሱፐርቫይዘሩ ተከትሎኝ መጣ።

«አሁን ይቅር አሉኝ፣ እትዬ?»

«ሽማግሌዎቹ ምን አሉህ?»

«ይቅር ብላሃለች አሉኝ።»

«እንግዲያው እነሱን እመን» አልኩትና ጋሪዬን ይዤ ወደ መደርደሪያዎቹ ገባሁ።